የራዲዮው ዓሣ አጥማጅ

«ከተማውን ሁሉ የምታስቀው ሰውዬ፣ አባትህን መቼ ነው አስቀህ የምታውቀው?» ብላ ሚስቱ አጁሉ ስትጠይቀው ኦኬሎ ያሰረውን ጫማ ፈትቶ እንደገና አሰረ።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ቅዳሜ አመሻሽ ኦኬሎና መምህር ወንዳፍራሽ በራዲዮ ቀልድ ይዘው ሲቀርቡ ገበያው ጭር ይላል። ባትሪው የደከመበት ሰው ከቀትር ጀምሮ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ይጠብቃቸዋል። ሁለቱ የሚጫወቱት ተቀያይረው ነው። የደጋው የጎሬ ተወላጅ ወንዳፍራሽ ሽማግሌ የአኙዋ ዓሣ አጥማጅ ይሆናል፤ ባሮ ወንዝ ዳር ያደገው አኙዋው ኦኬሎ ደግሞ በዚያ ሙቀት ካፖርቴን አላወልቅም የሚል፣ ከደጋ የመጣ ሹም። ድምፃቸውን ይለውጣሉ፤ የቱ ማን እንደሆነም ለአድማጭ ተናግረው አያውቁም።

ስቱዲዮ ውስጥ የሰው ሳቅ አይሰማም። ስለዚህ ኦኬሎ ቅዳሜ ቅዳሜ «የዛሬው ሳያስቅ ቀረ ይሆን?» እያለ ዶሮ እስኪጮህ ይገላበጣል። ከሁሉ የሚከነክነው ያባቱ የአቶ ኦፒው ነገር ነው። ስለ ፕሮግራሙ ሲያነሳባቸው ፊታቸውን ወደ ወንዙ ያዞራሉ።

በዚያ ሳምንት ወንዳፍራሽ ለመምህራን ስብሰባ መቲ ከተማ ስለሚሄድ ፕሮግራሙን ቀድመው በካሴት ቀዱት። አጁሉም ስለ አባቱ የጠየቀችው ያ ቅዳሜ ከሥራ ነፃ ስለሆነለት ነው። ኦኬሎ ተነስቶ ወደ አባቱ መንደር ወረደ።

አባቱ ደጅ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ጎረቤቱ ሁሉ ራዲዮኑን ከቧል።

«ጀልባ ላይ አልወጣም!» ይላል ሹሙ ከራዲዮኑ። «አዞ አለመኖሩን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይምጣልኝ!»

«አዞው ማንበብ የት ተምሮ፣ ጌታዬ?» አለ ዓሣ አጥማጁ።

አቶ ኦፒው ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ልጃቸውን አዩና ሳቁ ተቆረጠ።

«ጓደኛህ ጎበዝ ነው» አሉት። «ያ ባለ ካፖርት በሳቅ ይገድለኛል። አንተ ግን፣ ልጄ፣ ዓሣ አጥማጅ ነኝ ብለህ መረብ በነፋስ ፊት ይጣላል? እኔ ጉያ ውስጥ አድገህ! ዓመት ሙሉ መንደርተኛው ‹ልጅህ መረብ አያውቅም› እያለ ተጫወተብኝ።»

ኦኬሎ ቀጥ ብሎ ቆመና የሌለውን ካፖርት ቆለፈ፤ ደረቱንም ነፋ።

«አንተ ሽማግሌ! ይህን ክስ በሦስት ኮፒ ጽፈህ አምጣ!»

አቶ ኦፒው ራዲዮኑን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። ራዲዮኑ ውስጥ ያው ድምፅ ይጮኻል።

«አንተ እዚህ ነህ። እዚያ ያለው ማነው?»

«ካሴት ነው፣ አባ። ባለ ካፖርቱ እኔ ነኝ።»

«ዓሣ አጥማጁስ?»

«መምህር ወንዳፍራሽ። መረብ በእጁ ነክቶ አያውቅም።»

ሽማግሌው መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ሰማችሁ?» አሉ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞረው። «መረብ የማያውቀው የእኔ አይደለም! ያንን መምህር አምጡልኝ፤ አኙዋን ሁሉ ሳያዋርድ አስተምረዋለሁ!»

ዓሣ ተጣደ። ኦኬሎ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብሎ አባቱ የደብዳቤውን ቀልድ ለሦስተኛ ጊዜ፣ መጨረሻውን አስቀድመው እያበላሹ፣ ለመጪው ሁሉ ሲያወሩ ይሰማል። ሰዉ ግን አሁንም ይስቃል። ቅዳሜ ሆኖ ሳለ፣ ዓሣው ሳይበስል እንቅልፍ ይዞት ሄደ፤ ገና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነበር።