ታነር የሚለው ስም

ያን እሁድ ለንደን፣ ዊልስደን፣ አጎቴ ቤት የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። አጎቴ ጋሽ ተሰማ፣ ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ፣ ሊያገባኝ የጠየቀኝ ፊሊፕ፣ እናቱ ሚስስ ታነር፣ አንድ ክፍል የምንጋራው ጓደኛዬ አስካለ እና እኔ። አራቱ አርፈዋል። እኔ አለሁ። የአስካለን አላውቅም።

ይህን ያስታወሰችኝ የልጅ ልጄ ሊያ ናት። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ “እማማ፣ ሆምወርክ አለኝ። ሰርኔማችን፣ ታነር የሚለው የቤተሰብ ስም፣ ከየት መጣ?” አለችኝ።

“መጀመሪያ ካልሲሽን ቀይሪ፣ ርሷል፤ ብርድ ይመታሻል” አልኳት። ለአባቷም እንዲሁ ስጨነቅ ነው የኖርኩት። እሷ ካልሲ ስትፈልግ እኔ በሐሳብ ወደዚያ እሁድ ሄድኩ።

ያኔ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት እሠራ ነበር። ፊሊፕ የሠራተኞቹን አውቶቡስ ይነዳል። ጠዋት ከኋላ ስቀመጥ፣ ፊት ለፊት ይሞቃል ብሎ በእጁ ይጠራኛል። ፍቅራችን የተጀመረው ከማሞቂያው አጠገብ ነው ማለት ይቻላል።

ጋሼ ግን “ፈረንጅም ቢሆን ሽማግሌ ይላክ” አሉ። የፊሊፕ አባት ሞተዋልና ሽማግሌ ሆነው የመጡት እናቱ ናቸው። በኅዳር ዝናብ፣ ከባተርሲ አውቶቡስ እየቀያየሩ፣ በጨርቅ የተሸፈነ የፖም ኬክ ይዘው መጡ። እትዬ በላይነሽ በሩን ከፍተው ሲያዩዋቸው፣ “ሽማግሌው ቀሚስ ለብሶ መጣላችሁ” አሉ። አስካለ ሳቋን ዋጠች። ከሁላችን እንግሊዝኛ የምትችለው እሷ ስለነበረች አስተርጓሚያችን ናት። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም።

ምሳ ቀረበ። ጤፍ በማይገኝበት ጊዜ ስለነበር እንጀራው የስንዴ ዱቄት ነው፤ ጎመኑና ምስሩ ግን ያምር ነበር። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ “በል ልጄ፣ ሰባት ቤት ቁጠርልን” አሉት።

“ከባተርሲ ሰው ጋር ዘመድ እንዳንሆን ነው የሚፈሩት?” አሉ እትዬ በላይነሽ።

“ወግ ነው። ዝም በዪ።”

ፊሊፕ ሦስት ቆጥሮ ቆመ፤ ጆሮው ቀላ። እናቱ ደረሱለት። ከዚያ በላይ ያለውን ስማችን ይናገራል አሉ። በድሮ ዘመን እዚህ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ብቻ ነበር አሉ። በአንድ መንደር ጆን የሚባሉ ሲበዙ፣ አንዱን ለመለየት በሥራው ጠሩት። በኋላ ልጆቹ ሥራውን ቢተዉትም ስሙ ቀረላቸው። የእነሱ አባቶች በርመንዚ፣ ወንዙ ዳር ቆዳ እየነከሩ ያለፉ ነበሩ፤ ታነር ማለት ያ ነው። “ሽታቸው ከሩቅ ይታወቅ ነበር” ብለው ሳቁ።

ሁላችንም ወደ አስካለ ዞርን። እሷ ዓይኗን ትሪው ላይ ተከለች።

እኔ ከፊሊፕ በለመድኩት እንግሊዝኛ ነገሩ ገባኝ። በእኛ አገር ፋቂ ማለት ስድብ ነው። ከፋቂ ቤት አይጋቡም፣ አብረውት አይበሉም፣ ዓይኑ ይፈራል። ጋሼ ይህን ከሰሙ የእኔና የፊሊፕ ነገር አበቃ። ነጋዴዎች ነበሩ በያቸው ብዬ አስካለን በዓይኔ ለመንኳት።

“ቆዳ ፋቂዎች ነበሩ ነው የሚሉት፣ ጋሼ” አለች።

“በስመ አብ!” እትዬ በላይነሽ እጃቸውን ከትሪው አነሱ።

“ራሳቸው ናቸው ያሉት? ማንም ሳይጠይቃቸው?” አሉ ጋሼ።

“አዎ፣ ደስ እያላቸው።” ከዚያ አስካለ ቀና አለች። “እኔም የፋቂ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ። በየእሁዱ ከዚህ ትሪ ስበላ ነው የከረምኩት።”

ፊሊፕ ምንም ስላልገባው ፊቴን ያያል። ጋሼ ወደ አስካለ ዞሩ።

“አባትሽ ማን ይባላሉ?”

“ወልዴ።”

“አቶ ወልዴ ጠፍር ይሠሩ ነበር?”

“ጠፍርም፣ ኮርቻም።”

“እኔ የተወለድኩት ጠፍር አልጋ ላይ ነው” አሉ ጋሼ። “የማን እጅ እንደሠራው ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።” ወጡን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። “ብዪ ልጄ፣ በረደብሽ። ለእሳቸውም ልጃችንን ሰጥተናል በያቸው።”

አስካለ እያለቀሰች ተረጎመች። ሚስስ ታነር በእኔ ደስታ ያለቀሰች መስሏቸው ትልቁን የኬክ ቁራሽ ለእሷ ሰጧት።

እትዬ በላይነሽ ግን ኩሽና ገብተው እንግዶቹ እስኪሄዱ አልወጡም። ከዚያ ወዲህ አስካለ እሁድ እሁድ “ሥራ አለብኝ” ማለት አበዛች። ሚዜዬ ሆና ዳረችኝ፤ ጥቂት ቆይታ ወደ ሰሜን፣ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብላ ሄደች። ስልኳም መጥራት አቆመ።

ለሊያ “ቆዳ ፋቂዎች ነበሩ” አልኳት፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። እሷ “ዋው፣ ኩል!” ብላ እየጮኸች ጻፈችው።

አስካለ ያን ቀን ነጋዴዎች ናቸው ብላ ተርጉማ ቢሆን ኖሮም አገባ ነበር። ግን ይታወቅብኝ ይሆን እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ በፈራሁ። ብዙ ነገር ስፈራ ኖሬአለሁ፤ ከዚህኛው ያሳረፈችኝ እሷ ናት። እሷ ግን እውነቱን በመናገሯ የምትወደውን የእሁድ ገበታ አጣች፤ ይህን በደንብ የተረዳሁት ልጆች ካሳደግሁ በኋላ ነው።

አስካለ ወልዴን የምታውቁ ካላችሁ፣ ደህና መሆኗን ንገሩኝ።