ስህተታቸው የወጣላቸው ሰው

ሽማግሌው የሚቀመጡት በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ ከሙዚቃ ኪቦርዱ አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ጥግ ላይ ነው። ኪቦርዱ ጨርቅ ለብሷል። የእሳቸው ኮት ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ ጥፍራቸውን ግን የኪቦርዱን ቁልፍ እንዳያንኳኳ ዛሬም ከሥሩ ይቆርጡታል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዘምራኑን ያጀቡት እሳቸው ነበሩ። ባለፈው ወር፣ ኮምፒውተር መማር የጀመረች አንዲት ዘማሪት "ለማስታወሻ ነው" ብላ መዝሙሮቹን አንድ በአንድ አስጫውታ ቀዳቻቸው። ለቀረጻው አዲስ ሸሚዝ ለብሰው ነበር የመጡት። በሳምንቱ ያ ቅጂ ከላፕቶፑ እየወጣ መዘምራኑን ሲያጅብ፣ እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው ቀሩ።

"ጋሼ፣ ሌላ ሰው እኮ አይደለም፤ ራስዎ ነዎት" አለቻቸው ፈገግ ብላ። "ስህተት ስህተቱን ብቻ ነው ያወጣንልዎት።"

"የቱን ስህተት ልጄ?"

"አዝማቹ ሊገባ ሲል ይዘገዩ የለ? እሱን ቆረጥነው።"

እሳቸው የሚዘገዩት፣ ከምእመናኑ መካከል አሮጊቶቹ ትንፋሽ እንዲሰበስቡ ብለው ነበር። ይህን ሊነግሯት አፋቸውን ሲከፍቱ እሷ ወደ ላፕቶፑ ዞራ ነበር።

ዛሬም መዝሙሩ ተጀምሯል። እሳቸውም አብረው ይዘምራሉ፤ ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ይሮጣሉ። አዝማቹ ሊገባ ሲል እንደ ልማዳቸው ቆም አሉ፤ ሙዚቃው ግን አልጠበቃቸውም። ብቻቸውን ወደ ኋላ ቀርተው ሲዘምሩ፣ ከፊታቸው የተቀመጡት አሮጊት ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ዘወር አሉ።

"ኧረ እባክዎ ዝም ይበሉ! አበላሹብን እኮ።"