የደብሬ ሳጥን

ልጄ ዘንዘልማ ላይ ቤት እየሠራ ነው። ትናንት ጠዋት መኪናው እርጥብ አሸዋ ሲገለብጥ ያ የደለልና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ መጣና ከቆምሁበት አላላውስ አለኝ። ሠራተኞቹ የልኬቱን ሳጥን እየቆለሉ ከሲሚንቶው ላይ ይደፋሉ።

"አፉን በጣውላ አስተካክሉት እንጂ!" ብዬ ጮህሁባቸው።

ልጄ ሳቀ። "አባዬ ደግሞ! አንድ እፍኝ አሸዋ ምን ያመጣል?"

እኔ ልጅ ሳለሁ ታላቅ እህቴ ደብሬ ሐይቅ ዳር በሚሠራ ሕንፃ የቀን ሠራተኛ ነበረች። እኔ እንድማር ብላ እሷ ከትምህርት ቤት ቀረች። ሥራ በሌለበት እሑድ ፀጉሯ ውስጥ የቀረውን ሲሚንቶ እያራገፈች ወደ አሸዋው ክምር ትወስደኝና "በል ተማሪው፣ እኔ ኩቡን ላሳይህ፣ አንተ ስሜን መጻፍ አሳየኝ" ትለኝ ነበር። ሳጥኗ ርዝመቱ ግማሽ ሜትር፣ ወርዱ አርባ ሳንቲሜትር፣ ከፍታው ሃያ ነው። ትሞላውና በጣውላ ጠርጋ፣ "ከአፉ በላይ ያለው አይቆጠርም፤ እንዲህ ሃያ አምስት ጊዜ ስትሞላ አንድ ሜትር ኩብ ነው" ትለኛለች። እኔም በተራዬ የሳጥኑ ጎን ላይ በምስማር "ደ"ን፣ ቀጥሎ "ብ"ን አስጻፍኋት። "ደ"ዋ እግሩ የተንሻፈፈ በርጩማ ትመስል ነበር፤ እሷ ግን ላገኘችው ሰው ሁሉ ታሳያለች።

አንድ ቀን መምህራችን አንድ ሜትር ኩብ ምን ያህል እንደሆነ ጠየቁን። ቀድሜ ተነሣሁና "ሃያ አምስት ሳጥን!" አልሁ። ከኋላ አንዱ "የክብሪት ነው የጫማ?" ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቤት ገብቼ "አንቺ መሃይም፣ አሳቅሽብኝ!" አልኋት።

"እኔ እንግዲህ የማውቀው ሳጥኑን ነው" አለች፣ ቀስ ብላ።

ከጥቂት ቀን በኋላ "ሦስተኛዋ ፊደልስ?" ብትለኝ "ጥናት አለብኝ" አልኋት። ጥናት አልነበረብኝም። በሳምንቱ ርዝመትን በወርድና በከፍታ ማባዛት ስንማር የሳጥኗን ልክ ደብተሬ ላይ አሰላሁት፤ ሃያ አምስት፣ አንድም ሳይጎድል። ነገ እነግራታለሁ አልሁ፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ አፌ እምቢ አለ። ክረምቱ ገባ፤ ወባ በአራት ቀን ወሰዳት። የሥራ ጓደኞቿ ለለቅሶ ሲመጡ ሳጥኑን ይዘውልን መጡ።

እኔም ትምህርቴን አልጨረስሁም፤ የቀረውን ከአሮጌ መጻሕፍት ለብቻዬ ለቅሜ ግንበኛ ሆንሁ። ስንቱን ቤት በእሷ ልኬት አቆምሁ። ልጆቼን "ጥፋታችሁን ሳይውል ሳያድር እመኑ" እያልሁ አሳድጌያቸዋለሁ፤ ከየት እንደተማርሁት ግን አንድም ቀን አልነገርኋቸውም።

ሳጥኑ አልጋዬ ሥር ነው። ጎኑ ላይ "ደ" እና "ብ" አሉ፤ ከጎናቸው ደብሬ ለሦስተኛዋ ፊደል ብላ በድንጋይ ፍቃ ያለሰለሰቻት ቦታ አለች፣ ሁለት ጣት ብትሰፋ ነው። ትናንትም ከዘንዘልማ ስመለስ ምስማር አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥሁት።