እግር ያዥ፦ አጋዘን ፍለጋ ከአውሮራ እስከ ፌርፕሌይ

ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ከአውሮራ ተነሣን። ተነሣን ስል እትዬ አስካለና እኔ ነን። እትዬ አስካለ በሱዳን በኩል ወደ አሜሪካ ከገቡ ብዙ ዘመን የሆናቸው፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ፣ ጠመንጃቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከኋላ ወንበር ያስተኙ ሴት ናቸው። እኔ ከኤርፖርት መንገደኛ የማመላልስ ሹፌር ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን መሪውን የያዙት እሳቸው ነበሩ። የጉዟችን ዓላማ አጋዘን ነው። የእኔ ድርሻ ደግሞ ቢላዋ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እትዬ አስካለ አደን የለመዱት ከሟች ባለቤታቸው ጋር ነው። እሳቸው ይተኩሳሉ፤ ባለቤታቸው የእንስሳው ትንፋሽ ሳይወጣ ይደርሱና የሥላሴን ስም ጠርተው ያርዳሉ። በእኛ ወግ ስሙ ያልተጠራበት ሥጋ አይበላም፤ ቢላዋ የሚይዘውም ወንድ ነው። ሴት ለዶሮ እንኳ ከጎረቤት ወንድ ትጠራለች። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ያደኑትን ሁሉ አብረዋቸው ለሚሠሩት አሜሪካኖች ሲሰጡ ኖሩ። ዘንድሮ ግን የገና ጾም ከመግባቱ በፊት፣ ለቅበላው፣ ከአደናቸው የገዛ ሰዎቻቸውን ሊያበሉ ቆረጡ። የጎደላቸው አራጅ ነበር።

ለምን ወደ እኔ መጡ? አፌ ነዋ። ለበዓል ቅርጫ ገንዘብ አዋጥተን ወደ እርሻ እንሄዳለን፤ በሬው ሲወድቅ እኔ ሁልጊዜ የኋላ እግር እይዛለሁ። ቢላዋውን የሚይዘው ሌላ ሰው ነበር። እሱ ወደ ሌላ ስቴት ሲዛወር ወሬው ለእኔ ቀረ፤ በየማኅበሩ ቢራ ስቀምስ በሬው እንዴት እንደታገለኝ፣ እንዴት እንዳሸነፍኩት አወራ ጀመር። እትዬ አስካለ ደውለው “እጅህ ደኅና ነው ይሉሃል፤ ትመጣልኛለህ?” ሲሉኝ “ምን ችግር አለው” አልኳቸው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው። በማግስቱ አዲስ ቢላዋ ከነካርቶን ሽፋኑ ገዛሁ፤ ባለቤቴ ትርሲት “የድሮው የት ሄደ?” ብላ ጠየቀችኝ፤ ዶልዱሟል አልኳት።

ከሌክውድ ወዲያ

ሌክውድን አልፈን መንገዱ ተራራው ውስጥ ሲገባ የከተማው መብራት ከኋላችን ጠፋ። ቤይሊ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ቆምን። ቡናው ውሃ ነው፤ እንቁላልና ድንች የተጠቀለለበት ቡሪቶ ግን ዘጠኝ ዶላሩ የሚያስቆጭ አልነበረም። እትዬ አስካለ የጾም ቀን ስላልሆነ ደስ ብሏቸው በሉ፤ እኔ ግማሹን መልሼ ጠቀለልኩት።

ሒሳብ መክፈያው አጠገብ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ አዳኝ ብርቱካንማ የአዳኝ ጃኬታችንን አይቶ ሰላም አለን። ሳምንቱን ሙሉ ደክሞ አንድ ቀንዳም አላየም። ዘንድሮ ስለሞቀ የስሪያው ወቅት ዘግይቷል ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እትዬ አስካለ በትሕትና አዳመጡትና መኪና ውስጥ ስንገባ ሣቁ።

“ሙቀት አያዘገየውም” አሉኝ። “የሚቀሰቅሰው የቀኑ ማጠር ነው። ሁሌም በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነው። ሲሞቅ ቀን ቀን ጥላ ውስጥ ይተኛና ማታ ይዞራል፤ ሰው ስላላየው ዘገየ ይላል።”

ከዚያ እስከ ኬኖሻ ያለውን ዳገት ስንወጣ የሚያውቁትን ሁሉ ነገሩኝ። ወንዱ በዚህ ሰሞን አንገቱ ያብጣል፣ ግጦሽ ይረሳል፣ አፍንጫውን መሬት ለመሬት እየጎተተ ሴት ሲከተል ይውላል። ሌላ ጊዜ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ የሚበረግገው ፈሪ፣ አሁን መኪና ቢመጣበት አይዞርም። ስለዚህ ወንዱን መፈለግ ድካም ነው፤ ሴቶቹ ያሉበትን ማግኘትና ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። እያዳመጥኩ ቢላዋው ከጃኬቴ ውስጥ ጎኔን ይነካኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጊዜው ያኔ ነበር። መንገዱ ረጅም፣ ሴትዮዋ ደግ፣ ከሁለታችን በቀር ሰሚ የለም። አልተናገርኩም። በልቤ “ምነው የሚተኮስ ነገር ባይገኝ” እያልኩ እጸልይ ነበር፤ ሰው ላብላ ብለው የተነሡ ሴት ባዶ እጃቸውን እንዲመለሱ መጸለዬ ነው።

ሜዳው ላይ

ኬኖሻን ሲሻገሩ መሬቱ በድንገት ይለጠጣል። ከፌርፕሌይ ወዲህ ያለው ሜዳ ግራጫ ቁጥቋጦና ቢጫ ሣር ነው፤ ዳር ዳሩን በረዶ የያዙ ተራሮች ቆመዋል። በአንድ የጠጠር መንገድ ገብተን ፓርክ አደረግን፤ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘን በእግር ሄድን። እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ቢሆንም የቀደሙኝ እሳቸው ናቸው።

ከአንድ ጉብታ ጀርባ ተኛን። ከታች ሴቶቹ አጋዘኖች ፀሐይ ባረፈበት ዳር ይግጣሉ፤ ጆሯቸው እንደ በቅሎ ጆሮ ረጅም ነው። ብዙ ቆየን። ብርዱ ክርኔን አልፎ ትከሻዬ ሲደርስ፣ ቅጠሉ ከረገፈው ዛፍ መሐል ወንዱ ወጣ። እንዳሉት ነው፤ አንገቱ የወይፈን አንገት አክሏል፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ አንዲቷን ይከተላል፣ እኛን ከቁብ አልቆጠረንም። ለራሴ ሳስበው በዚያ ሜዳ አንገቱ ያበጠው እሱ ብቻ አልነበረም።

እትዬ አስካለ አማተቡ፣ ተኮሱ። አጋዘኑ ከኋላው ተቀምጦ በጎኑ ወደቀ፤ ራሱን ግን ያነሣ ነበር።

“ሂድ፣ ባርከው” አሉኝ። እኛ ታረደ ከማለት ተባረከ ማለት ይቀናናል።

ሮጥኩ። ደረስኩም። ቢላዋውን ከካርቶኑ አወጣሁ። አጋዘኑ ቀንዱን ወዘወዘ፣ ከዚያም አየኝ። ዓይኑ ትልቅና እርጥብ ነበር፤ ሲተነፍስ ከአፍንጫው እንፋሎት ይወጣል። በስመ አብ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በየቀኑ የምለው ቃል አልመጣልኝም። በፊት እግሩ ሊነሣ ታገለ፤ የኋላው አልታዘዘውም። ጮኸ። አጋዘን እንደሚጮኽ አላውቅም ነበር። እትዬ አስካለ ከጉብታው ላይ “ዞር በል፣ ልጨርሰው” እያሉ ይጣራሉ፤ በጠመንጃቸውና በእንስሳው መካከል የቆምኩት እኔ ነኝ። እግሬ አልንቀሳቀስ አለ። የዚያ ፍጡር ሥቃይ የረዘመው በእኔ ምክንያት ነው፤ ሌላ የማሳብበው የለኝም።

እያነከሱ ደረሱ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

“ብርሃኑ፣ አርደህ ታውቃለህ?”

“እግር ነበር የምይዘው” አልኳቸው።

ቆዳ የሚገፉበትን ቢላዋ ከወገባቸው አወጡ።

“እንግዲያ እግሩን ያዝ።”

ያዝኩ። እትዬ አስካለ ነጠላ እንደሚያስተካክል ሰው ብርቱካንማ ጃኬታቸውን አስተካከሉ፣ ቀንዱን በግራ እጃቸው ይዘው አንገቱን መለሱ፣ “በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ” ብለው ባረኩት። ወዲያው ዐረፈ። ከዚያ ዞር ብለው አለቀሱ። ለአጋዘኑ ይሁን ለባለቤታቸው ወይም ለራሳቸው፣ አልጠየቅኩም።

ወደ አውሮራ

ሥጋውን ገነጣጥለን ወደ መኪናው ለማመላለስ ከሰዓቱ አለቀ። ስንመለስ እትዬ አስካለ ሬድዮ አልከፈቱም። ግሌንዴል አካባቢ መብራት ይዞን ስንቆም እንደ ምንም ደፍሬ ለሰዎቹ ምን እንደምንል ጠየቅኳቸው።

“እኔ አልዋሽም” አሉ። “ግን የሚጠይቁት አንተን ነው።”

እሑድ ቤታቸው ተሰበሰብን። ትርሲትም አብራኝ ነበረች። ጥብሱ በሽንኩርትና በሮዝመሪ ቆንጆ ሆኖ ቀረበ፤ ሰው ግን እጁን ከመስደዱ በፊት በዕድሜ ትልቁ ጋሽ ተሰማ ጠየቁ።

“ማን ባረከው?”

የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ወደ እትዬ አስካለ ያየ አልነበረም።

“እኔ” አልኩ።

እውነቱን ብናገር የሚበላ አይኖርም፣ ድካማቸውም መና ይቀራል፣ ስለ እሳቸው ስል ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ሰበቡ የመጣልኝ ግን ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው። አፌ እንደ ልማዱ ቀድሞኝ ነበር። ሰዉ መረቀኝ፣ በላ። አጋዘን እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ እየተባለ ሁለተኛ ተነሣ። ሰዎቻቸውን ማብላት የፈለጉት ሴት የፈለጉት ሆነላቸው፤ ምስጋናው ግን ለእኔ ሆነ። እትዬ አስካለ መሐል ላይ ተነሥተው ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉና ወደ እኔ መጡ።

“እጅህ ይባረክ” አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

አፌን ከፈትኩ። ስቀበል ዓይናቸውን አላየሁም። እየታኘከ አላልቅ አለኝ።

ከጉዞው የተማርኩትን ብጠየቅ፣ ወንድ አጋዘን መቼ ሴት እንደሚፈልግና ለምን እንደሚሳሳት አሁን አውቃለሁ፤ ስለ ራሴ ያወቅኩትን ግን ባላውቀው እመርጥ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እትዬ አስካለ ዘንድ ሄጄ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ የባረኩት እሳቸው ናቸው ማለት አለብኝ። እስከ ዛሬ አላልኩም።

የዚያን እሑድ ማታ ትርሲት ቢላዋውን ልታጥበው ከጃኬቴ አወጣችው። ካርቶኑን ገፋ አድርጋ ስለቱን በመብራቱ አገላብጣ አየች። የደም ምልክት የለውም። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና ሳታጥበው መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። አሁን ዳቦ እንቆርጥበታለን።