ሁልጊዜ የጀግናው አጎት

ሲያትል በመጣሁ በጥቂት ዓመቱ፣ ገና ሰው ሁሉ ፊልም በዲቪዲ በሚያይበት ጊዜ፣ አጠገቧ ባለችው ሊንውድ ውስጥ አንድ ህንዳዊ አዛውንት እንድንከባከብ ተቀጠርኩ። ስትሮክ መቷቸው ግራ እጅና እግራቸው ደክሟል። ልጃቸው ነርስ ናት፤ እሷ ሥራ ስትውል እኔ አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ ቀስ እያልን መራመድ እንለማመዳለን።

«አባቴ የፊልም ተዋናይ ነበር» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን።

ከሰዓት በኋላ እሳቸው ራሳቸው አንድ ፊልም አሳዩኝ። ቋንቋው ማላያላም ነው፤ በደቡብ ህንድ፣ በኬራላ የሚነገረው። እሳቸው፣ ያኔ ጢማቸው ጥቁር፣ ቁመናቸው ቀጥ ያለ፣ ፋኖስ ይዘው ገቡ፣ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ወጡ። ይመለሳሉ ብዬ ብጠብቅ የሉም።

«አለቀ?» አልኳቸው።

«አለቀ። ለዚህች ብዬ ሌሊቱን ሙሉ በባቡር ተጉዣለሁ» ብለው ሳቁ።

ከአባታቸው የጨርቅ ሱቅ ጠፍተው ነው ከተጓዥ የቲያትር ቡድን ጋር የሄዱት። ድምፃቸው ወፍራም ስለነበር ገና በወጣትነታቸው ሽማግሌ አድርገው አሠሯቸው። ፊልም ሲገቡም ያው ሆነ፤ የጀግናው አጎት፣ የሙሽራዋ አባት፣ ክፉ የፖሊስ አዛዥ። ዋና ተዋናይ ሆነው አያውቁም።

«አልቆጨዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ድሮ በጣም ይቆጨኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ገበያ መሃል አንዲት አሮጊት አስቁማ ሰደበችኝ፤ ፊልሙ ላይ ምራቴን ከቤት ስላባረርኩ። ደስታዬን አትጠይቀኝ! ይህን ያህል ካመነችኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

በዚያው ዓመት የኛ ሰዎች ሴንትራል ዲስትሪክት ባለ አዳራሽ ውስጥ ለእንቁጣጣሽ ቲያትር ሊያሳዩ ተነሱ። ለእኔ የደረሰኝ የጎረቤት ሽማግሌ ሆኜ ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ነው። ልተወው እንደሆነ ስነግራቸው ደህናውን እጃቸውን አነሱ።

«ሞኔ» አሉኝ፤ በቋንቋቸው ልጄ ማለት ነው። «መድረኩ ላይ ግን እስከ መጨረሻው አለህ። ምን ትሠራለህ?»

«እቀመጣለሁ።»

«አይደለም፤ ትሰማለህ። ሰውዬው ሲናገር ዛሬ ገና እንደምትሰማው ሆነህ ስማው። የምር ከሰማህ ፊትህ የራሱን ሥራ ይሠራል።»

ከዚያ በኋላ ምሳ በበላን ቁጥር ልምምድ ሆነ። እሳቸው ዊልቸር ላይ ሆነው በማላያላም ይቆጣሉ፣ ያለቅሳሉ፤ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ። ቃል ሳንግባባ ተግባባን።

የበዓሉ ዕለት ልጃቸው ይዛቸው መጣችና ከፊት ተቀመጡ። ዋናው ተዋናይ የአውቶቡስ ሹፌር የሆነ ጓደኛችን ነው። ግማሽ ላይ ሲደርስ የሚናገረው ጠፋው። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ልጆች መሳቅ ጀመሩ፤ ላቡ ሲወርድ ይታየኛል። እኔ ደግሞ እየሰማሁት ስለነበር የት እንደደረሰ አውቃለሁ።

«አንተ ልጅ» አልኩት፣ «ወንድሜ ከዳኝ ብለኸኝ ዝም ትላለህ? ምን አደረገህ? ንገረኝ እንጂ!»

ዓይኑ በራ። ካቆመበት ቀጠለና ሰዉን አስለቀሰ።

ሲያልቅ ወደ እሳቸው ሄድኩ። «አንድ ቃል አልገባኝም» አሉ፣ ጉንጬን እየነኩ። «ግን ልጁ ሲጠፋበት መልሰህ አመጣኸው፣ አይደል? የአጎት ሥራ ይሄ ነው።» በዚህ አገር እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

እያደር በከዘራ መራመድ ቻሉ። ድሮ በእሳቸው ዘመን ቀረጻ ላይ ሻይ ያቀብል የነበረ፣ ኋላ ዳይሬክተር የሆነ ሰው ከኬራላ ደውሎ የአያት ሚና ሰጣቸው። ልጃቸው ፈራች፤ እሳቸው ግን ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ጨርሰዋል። ኤርፖርት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ።

ከቀረጻው ቦታ ኮል አደረጉልኝ። «ከመኪናው እስከ ቤቱ ደጃፍ በራሴ እግር ሄድኩ!» እያሉ ይጮሃሉ። «እነሱ ሲያጨበጭቡ እኔ አንተን አሰብኩ። አመሰግናለሁ፣ ሞኔ።»

«እኔ ነኝ እንጂ የማመሰግንዎት» አልኳቸው።

ወደ ሲያትል አልተመለሱም። እህታቸው ዘንድ፣ በተወለዱበት ከተማ ተቀምጠው ሌሎች ትንንሽ ሚናዎች ሠሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው አረፉ። ልጃቸው ደውላ ስትነግረኝ ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር መኪና እየነዳሁ ነበር። ዳር ይዤ ፓርክ አደረግሁና ሁለታችንም በስልክ አለቀስን። ከዚያ ስለ አሮጊቷ ስድብ አወራኋት፤ ሰምታው አታውቅም ነበር፤ እያለቀሰች ሳቀች።