ሽማግሌው ያልተቀመጡበት ወንበር

አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ በመጣበት ቀን መጀመሪያ ያስተማረን ዛፍ መሆንን ነው። "ዐይናችሁን ጨፍኑ። እግራችሁ ሥር ይስደድ። አሁን ዛፍ ናችሁ" አለን። ተማሪዎቼ ወዲያው ዛፍ ሆኑ፤ ተማሪ የታዘዘውን ይሆናል። የቅሬው ዳኛ ግን ዐይናቸውን ሳይጨፍኑ፣ "ምን ዛፍ?" ብለው ጠየቁ። አሠልጣኙ ማንኛውንም ዛፍ መሆን እንደሚቻል ነገራቸው።

"እንዴት ማንኛውንም ይሆናል? ባሕር ዛፍ ከሆንሁ የጎረቤቴን ውሃ ልጨርስ ነው። ወይራ ከሆንሁ ደግሞ ይኸው ቆሜያለሁ" አሉ፤ እንደቆሙም ቀሩ። አሠልጣኙ ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

ቅሬ እኛ ዘንድ ሞት ሲመጣ ድንኳን የሚተክል፣ መቃብር የሚቆፍር የሰፈር ማኅበር ነው፤ ሌላው አገር ዕድር ይለዋል። ዳኛው ሰባን ያለፉ ገበሬ ናቸው። በመካነ ሰላም ዙሪያ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በድንበር ሲካሰሱ፣ የሚላኩት እሳቸው ናቸው። ወደ ቴያትር ሥልጠናው የመጡት "ከማኅበረሰቡ ጥቂት ሰዎች ይላኩልን" የሚል ደብዳቤ ለቀበሌው ስለደረሰ ነው፤ ቀበሌው ደግሞ ሰው በተፈለገ ቁጥር የሚልከው እሳቸውን ነው። ባለፈው ወር የንብ ማነብ ሥልጠና ወስደው መጥተዋል። ንብ የላቸውም።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርና የድራማ ክበቡ ኃላፊ ነኝ። ተማሪዎቼን ይዤ ስገባ ከዐረብ አገር ተመላሾች ተወክላ የመጣች አንዲት ሴት ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። እህቴ ናት። ቤታችን በሁለት አጥር ነው የሚለያየው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ግን አንዲት ቃል ተናግራኝ አታውቅም። በአዳራሹ ውስጥ ይህን የማያውቀው አሠልጣኙ ብቻ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው። እህቴ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ እናታችን ሞተች። መርዶ በኛ አገር በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሐዘንተኛውን ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚያረዳው። እሷን ማን ይያዛት? አሠሪዋ? ዘመድ ለምክክር ተቀመጠ፣ የቅሬው ዳኛም ነበሩ፣ "ለጊዜው ይቆይ" ተባለ። ለጊዜው የተባለው ስምንት ወር ሆነ።

እህቴ ዐርብ ዐርብ ትደውላለች። ሰላምታ የላትም፤ "እማን አቅርብልኝ" ነው የምትለው። ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች አልኋት። ተኝታለች አልኋት። ጠበል ወርዳለች፣ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ የለም አልኋት። እናቴ በሞተች በሦስት ወሯ ጠበል ለጠበል ስትዞር በሕይወቷ ያልረገጠችውን አገር ሁሉ አዳረሰች። ሰበቡ ሲያልቅብኝ መልእክት ማድረስ ጀመርሁ። "እማ እንዲህ ብላለች" እላለሁ። የእናቴን አነጋገር አውቀዋለሁ፤ ሥራዬም ድራማ ነው። አንድ ቀን እህቴ ቆማ እየዋለች እግሯ እንዳበጠ ነገረችኝ። በሳምንቱ፣ "እማ፣ ማታ ማታ ለብ ያለ ውሃ ላይ ጨው ጨምረሽ እግርሽን ንከሪው ብላለች" አልኋት። "እማዬ" አለች። ስልኩን ስዘጋ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ ስምንት ወር ከበደ፤ በዘጠነኛው አንዲት የሰፈራችን ልጅ ጅዳ ገብታ እህቴን መንገድ ላይ አገኘቻት፤ የምታውቅ መስሏት "እግዜር ያጽናሽ" አለቻት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እህቴ መርዶዋን የሰማችው የመኪና መንገድ ዳር ቆማ፣ ማንም ሳይዛት ነው።

አገሯ ስትገባ ሽማግሌ ላክሁ። እኛ ዘንድ ለዕርቅ የሄደ ሽማግሌ ወንበር ቢቀርብለትም አይቀመጥም። የተበደለው ሰው "ተቀመጡ" ካለ እሺ ብሏል ማለት ነው፤ ነገሩ አለቀ፣ ማንም መልሶ አያነሣውም። ዳኛው ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለት ጊዜ ቆመው ተመለሱ። እህቴ ያለቻቸው ይህን ብቻ ነው፦ "ስምንት ወር ሙሉ በሞተች እናቴ አፍ ሲያናግረኝ የኖረ ሰው፣ ይቅርታ ሲለኝስ እውነቱን መሆኑን በምን አውቃለሁ?"

በሥልጠናው ሁለተኛ ቀን መተማመን የሚባል ጨዋታ መጣ። አንዱ ዐይኑን ጨፍኖ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ሌላው ይይዘዋል። አሠልጣኙ ከነበረን ሰው ሁሉ መርጦ እህቴን ከኔ ጋር አጣመራት። ከኋላዋ እጄን ዘርግቼ ቆምሁ። "ውደቂ፤ ይይዝሻል" አላት አሠልጣኙ። እህቴ አልወደቀችም። ተማሪዎቼ ሁሉ ወድቀው ተነሥተው ሻይ እስኪጠጡ ድረስ ቀጥ ብላ ቆመች። እጄ ዛለ። አሠልጣኙ "አንዳንድ ሰው ጊዜ ይፈልጋል" አለኝ። እኔም "ይመስላል" አልሁት።

በሦስተኛው ቀን ለገበያ ቀን የምናሳየውን ድራማ ማጥናት ጀመርን። ጽሑፉ የኔ ነው። አንድ ወንድም የእህቱን የማሳ ድንበር ገፍቶ ያርሳል፤ ይጸጸታል፤ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ደጇ ይቆማል። እህትዮዋ "እምቢ" ትላለች፤ ድራማው እዚያ ላይ ይቋረጣል፤ ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ይወያያል። እህትዮዋን እንድትሆን አሠልጣኙ እህቴን መረጠ፤ ድምፅ አላት። ሽማግሌውን ማን እንደሚሆን መጠየቅ አላስፈለገም።

ችግሩ ዳኛው ነበሩ። የመጀመሪያው ልምምድ ላይ የተሠራውን ድንጋይ አነሡት። ካርቶን ነው፤ ግራጫ ቀለም ተቀብቷል። "በካርቶን ይቅርታ የለም" አሉና ከሰዓት በኋላ ከግቢያቸው አጥር የወጣ እውነተኛ ድንጋይ በአህያ ጭነው መጡ። ከዚያ ደግሞ እህቴ "እምቢ" ስትል፣ እንደ ጽሑፉ አዝነው መውጣት ሲገባቸው፣ ባሉበት ቆመው ቀሩ።

"አባባ፣ እዚህ ላይ ይወጣሉ" አላቸው አሠልጣኙ።

"እሺ አላለችም እኮ።"

"አዎ፣ እምቢ ማለቷ ነው ድራማው። ያለ ግጭት ድራማ የለም።"

"ግጭቱ ምን ያደርግልሃል የኔ ልጅ? ገና ሲጀመር ጨርሰነው ምሳችንን ብንበላ?"

አሠልጣኙ ስለ ግጭት አስፈላጊነት ረጅም ማብራሪያ ሰጠ። ዳኛው ራሳቸውን እየነቀነቁ በትዕግሥት ሰሙት። ሻይ ሲመጣ ወንበር ቀረበላቸው፤ "ጉዳይ ይዤ ነው" ብለው ቆመው ጠጡ። በማግስቱም ቆመው ዋሉ። ጉልበታቸው ታማሚ ነው፤ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እግራቸው እየተደገፉ ሲቆሙ ማየት ለሁላችንም ከበደን። ተማሪዎቼም አፍረው መቀመጥ ተዉ። አሠልጣኙ ሃያ ወንበር አስመጥቶ የሚቀመጥበት ሰው አጣ።

በአራተኛው ቀን ወንድምየውን የሚሆነው ተማሪዬ ቀረ። ውቂያ ደርሶ አባቱ በሬ ሊያስነዳው ወስዶታል። አሠልጣኙ ወደኔ ዞረ። "መምህር፣ ቃሉን የጻፍኸው አንተ ነህ፤ ግባበት" አለኝ። እምቢ ልል አፌን ስከፍት ዳኛው ድንጋዩን አንሥተው ማጅራቴ ላይ ጫኑት። "አብሽር፤ አላህ ያግራው" አሉኝ። የደብረ ታቦር ዝክር የሚደግሱ ክርስቲያን ናቸው፤ ግን ወሎዬ ናቸው።

አጎንብሼ እህቴ ፊት ቆምሁ። "እምቢ" አለች። ጥሩ አድርጋ ነው ያለችው። በሦስት ዓመት ውስጥ የነገረችኝ የመጀመሪያ ቃል እኔው የጻፍሁት ነበር። ያን ቀን አምስት ጊዜ ተለማመድን፤ አምስት ጊዜ እምቢ አለችኝ። ቢሆንም ድምፅዋን መስማቴ ደስ አሰኘኝ። ናፍቃኝ ነበር።

በገበያው ቀን አዳራሹ ከነጓዙ ሞላ። ከከላላ በኩል በበቅሎ የመጡ፣ እህል የሸጡ፣ ያልሸጡም፣ ሁሉም ገቡ፤ ነፃ ነው ተብሏል። ከፊት አንዲት ሴት ዶሮ ታቅፋ ተቀምጣለች። አሠልጣኙ ከድራማው በኋላ ውይይት እንደሚኖር፣ ማንም ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ሐሳብ መስጠት እንደሚችል አስረዳ። ከዚያ እኔ ድንጋዬን ተሸክሜ፣ ዳኛው ከፊቴ ሆነው ገባን። መድረኩ ላይ ለሽማግሌው የተዘጋጀ አንድ ባዶ ወንበር ነበር።

"ልጄ፣ በዳዩን ይዘን ደጅሽ ቆመናል። እሺ በይን" አሉ ዳኛው።

እህቴ እምቢ ማለት ነበረባት። ቃሏ ጠፍቷት መስሎኝ ቀስ ብዬ ላስታውሳት ስል፣ "አንድ ነገር ልጠይቀው" አለች።

"ጠይቂው" አሉ ዳኛው፤ ምንም አልደነቃቸውም።

"እናቴ ልትሞት ስትል ጠርታኝ ነበር?"

በድራማው ውስጥ እናት የለችም። ከመጋረጃው ጀርባ አሠልጣኙ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ይሰማኛል።

"ጠርታሻለች" አልሁ። "ስልኩን አምጣልኝ፣ የምነግራት አለኝ አለችኝ። ድምፅዋ ደክሞ ነበር፤ ትደነግጫለሽ ብዬ፣ ነገ ትደውልልሻለች አልኋት። ለነገ አልደረሰችም።" ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለዳኛውም፣ ለንስሓ አባቴም።

"ምን ልትለኝ ነበር?"

የማፍርበትን ልናገር። መልሱ ወዲያው መጣልኝ። ተሰካክቶ፣ በእናቴ አነጋገር፣ ምርቃቱም ጭምር። ብናገረው ያ ሁሉ ገበያተኛ ያለቅስ ነበር፤ ስምንት ወር የተለማመድሁት ሙያ ነው። ከማጎንበሴ የተነሣ የሚታየኝ የእህቴ እግር ብቻ ነበር። የፕላስቲክ ጫማ አድርጋለች፤ ቁርጭምጭሚቷ አሁንም ትንሽ አብጧል።

"አላውቅም" አልኋት። "ስልኩን አልሰጠኋትማ። ምን ልትልሽ እንደነበር አላውቅም።"

ከፊት የሴትዮዋ ዶሮ ትንሽ አጉረመረመች።

"አባባ፣ ተቀመጡ" አለች እህቴ።

ዳኛው አልተቀመጡም። "ለድራማው ነው? እኔ ከተቀመጥሁ ተቀመጥሁ ነው፤ ተመልሼ አልነሣም" አሏት።

"አውቃለሁ አባባ። ተቀመጡ።"

ወንበሩን በእጃቸው ዳስሰው፣ በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "ተመስገን" አሉ። ለኛ ይሁን ለጉልበታቸው አላወቅሁም። ተመልካቹ ነገሩ እንዳለቀ ገባው፤ ተነሣ፣ ከረጢቱን አነሣ፣ መውጣት ጀመረ። አሠልጣኙ እየሮጠ መድረክ ላይ ወጣና ውይይት እንዳለ፣ ማንም ሐሳቡን መስጠት እንደሚችል ተናገረ። ዶሮ የያዘችው ሴት በሩ ላይ ዞር ብላ፣ "ታርቀዋል እኮ" አለችው። ከዚያ በላይ ሐሳብ የሰጠ የለም።

ድንጋዩን ከበዳይ ማጅራት የሚያወርደው ተበዳዩ ነው። እህቴ ቀርባ እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈችና አላነሣችውም። ጎንበስ ብላ፣ ዳኛው እንኳ በማይሰሙት ድምፅ፣ "የእግሬን ጨውና ውሃስ?" አለችኝ። "እሱን ማን ነው ያለው?"

"እኔ ነኝ።"

ድንጋዩን አነሣችው። ደረቷ ላይ አቅፋው ትንሽ ቆመች።

"ጠቅሞኝ ነበር" አለች።