ተግሣጽ ብለው የጠሩት ስድብ

ሚዛን ተፈሪ ከተማ እያስተማርኩ ሳለ ፖሊሶች ከክፍል አስወጥተው ያዙኝ። በስብሰባ ላይ የገበሬው የቡና መሬት ለባለሀብት ለምን እንደሚሰጥ ጠይቄ ነበር። ቴፒ ወስደው አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ከተቱኝ። ወለሉ እርጥብ ነው፤ የሽንት ባልዲው በሩ ሥር ተቀምጧል። ከባልዲው ራቅ ብሎ የተኛ አንድ የሸኮ ገበሬ ጠጋ አለና ደረቁን ቦታ ለቀቀልኝ። መሬቴን አልሰጥም በማለቱ የታሰረ ነው።

ከሰዓት በኋላ የእስር ቤቱ አዛዥ ከየክፍሉ ያለነውን እስረኞች ሁላችንንም ግቢው ጭቃ ላይ አንበረከከን።

"የተግሣጽ ሰዓት ነው" አለ።

ከዚያ ጀመረ። እኔ የመንግሥት ደመወዝ እየበላሁ ሕዝብ የማነሳሳ ከሃዲ ሆንኩ። ገበሬውን ደግሞ በዘሩና በእናቱ ሰደበው። ዝናቡ ሲወርድ እሱ በረንዳው ላይ ወጣ፤ ስድቡን ግን አላቋረጠም።

ስንመለስ ገበሬው ሸሚዙን እየጨመቀ ጠየቀኝ።

"መምህር፣ ተግሣጽ ምንድን ነው? ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ እሰማለሁ። ይሄ ነው እንዴ?"

"አይደለም" አልኩት። "ልጅ ሲያጠፋ አባት ቁጭ አድርጎ ይነግረዋል። ይቆጣዋል፣ ግን እንዲቃናለት ስለሚፈልግ ነው። ተግሣጽ እሱ ነው።"

"አባቴ ብዙ ጊዜ ቆጥቶኛል። እናቴን ግን ሰድቦ አያውቅም" አለ።

በማግስቱ አዛዡ ምሕረት ተደርጎላችኋል አለን። ለመፈታት ግን አንድ በአንድ እየተነሳን "ተግሣጹን ተቀብያለሁ፣ አመሰግናለሁ" ማለት አለብን። ሌሎቹ አሉ። አልፈርድባቸውም፤ ልጆቻቸውን ቤት ጥለው ነው የመጡት። ተራው ገበሬው ጋ ደረሰ።

"እኔ ስድብ ነው የሰማሁት" አለ ቀስ ብሎ። "ስድብ አልቀበልም።"

አዛዡ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ የአማርኛ አስተማሪ አይደለህም? እስቲ ንገረው።"

ተነሳሁ።

"ልክ ነው ያለው። ስድብ ነበር" አልኩ።

የጥፊው ድምፅ ከሕመሙ ቀድሞ ደረሰኝ። በግራ ጆሮዬ ዛሬም በደንብ አልሰማም። ሌሎቹ ሲፈቱ እኛ ሁለታችን ቀረን። በኋላ ገበሬው ከእኔ ቀድሞ ወጣ፤ ቤቱ ሲደርስ መሬቱ ታጥሮ፣ በር ላይ ዘበኛ ቆሞ ነበር።

አሁን ሚዛን ተመልሼ አስተምራለሁ። ወዳጆቼ "ያለፈውን ተወው፣ ይቅር በላቸው" ይሉኛል። በቅን ልብ እንደሚሉት አውቃለሁ፤ ግን በሰማሁት ቁጥር ያናድደኛል። እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። ለዚያ ሰው መሬቱን የመለሰለትም የለም።